ወፉ እንጂ ወፏ አትበይ

አትጠገብ የባሏን ተዝካር ባበላች ማግስት ከባሏ ጋር ሥራ ገባች።

ነገሩ በዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ አልነበረም። ጎርጎራ ዳር ያለው የወፍ ጣቢያ የሚፈልገው አንድ ዓይንና አንድ ድምፅ ነው። ዓይኑ በሕይወት ያለ ሰው መሆን አለበት፤ ሕጉ ያላየ አይመሰክርም ይላል። ስለ ድምፁ ግን ምንም አይልም። ባሏ ጓዴ ከወጣትነቱ ጀምሮ «ጆሮ» የሚሏትን ትንሽ መሣሪያ ሰክቶ ሐይቁ ዳር ሲያወራ ነው የኖረው። ያወራው ሁሉ ተቀምጧል። በጥቅምት ወባ ጥሎት ሲሞት የበላይ አካል «ይህን የመሰለ ድምፅ አፈር አይበላውም» ብሎ እንዲቀጥል ወሰነ። ችግሩ ዓይን ማግኘት ነበር። መንደርተኛው ገና ሲጠየቅ አማትቦ ይሸሻል። ከሟች ጋር ማን ይውላል? አትጠገብ ግን «እኔ እውላለሁ፤ ስንት ዘመን አብሬው ውዬ የለም እንዴ!» አለችና ገባች።

እናም ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የርቀት መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወርዳለች። ሐይቁ አሁንም ሐይቅ ይባላል፤ የሚታየው ግን እስከ ደሴቶቹ ድረስ የተዘረጋ የእምቦጭ አረም ነው። ልጆች ከሥሩ ውሃ እንዳለ የሚያውቁት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ብቻ ማሽኖች ጠዋትና ማታ የሚጠርጉት ትንሽ ክፍት ውሃ አለ፤ ከውሃው ዳር ደግሞ ጭቃ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ወፍ ቢኖር የሚያርፈው እዚያ ጭቃ ላይ ነው ተብሎ ነው የተተወው። ካረፈ ግን አራት ዓመት አልፎታል።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ስትሰካ ጓዴ ይጀምራል።

«ነጋ እንግዲህ። ነፋሱ ከየት ነው?»

«ከቋራ በኩል።»

«ይሁን። ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«እንዲህ በጥድፊያ ምንም አይባልም። ጭቃውን በዓይንሽ ጥረጊው፤ ከግራ ጀምሪ።»

ድምፁ ቁርጥ የራሱ ነበር። ሳሉ እንኳ አልቀረም፤ ንፋስ ሲነሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጉሮሮ ያለው ይመስል። መጀመሪያ ሰሞን ሆዷ እየባባ ስለ ቤቱ ታወራው ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጥጃዋ ታመመች፣ የእህትህ ልጅ አገባች ትለዋለች። ድምፁ ግን ከወፍና ከውሃ ውጭ የሆነ ነገር አይገባውም። ለሥራ የሚረባው ተለቅሞ ሌላው ተገፍፏል ብለዋታል። ስሟንም አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም። እሷም ቀስ በቀስ ተወችው፤ የሚያወራውን እየሰማች መዋል ለመደች። ቤቷ ገብታ ጆሮዋን ስትነቅል ያለው ዝምታ ነበር የሚከብዳት።

አሁን ስለ ጓዴ አነጋገር አንድ ነገር መናገር ግድ ነው፤ መዘዙ የመጣው ከዚያ ነውና። በአገራችን ትንሽ ነገር ሁሉ ሴት ናት። ማንኪያዋ፣ ቤቷ፣ ሰዓቷ፣ ጉንዳኗ እንላለን። ሰው የወደደውን ያሳንሳል፣ ያሳነሰውን አንቺ ይላል፤ ማንም አስቦት አይደለም፣ ምላስ ራሱ ይሄዳል። ወፍማ ከጥንት ጀምሮ ወፊቱ ናት። ጓዴ ብቻ ከዚህ አገር ምላስ ጋር ተጣልቶ ኖረ። እነዚህ ጭቃ ለጭቃ የሚለቅሙ መንገደኛ ወፎች አብዛኞቹ ወንዱ ከሴቷ በዓይን አይለይም። ስለዚህ «ወፉ እንጂ ወፏ አትበሉ» ይላል። «እንቁላል ስትጥል አይተሃታል? ካላየህ ወፉ በል!» ጠላ ቤት ሁሉ «ወፉ ጓዴ» እያለ ይሳለቅበት ነበር። እሱ ምን ገዶት! ዕድሜውን ሙሉ ሴት ብሎ የመሰከረው እርግጠኛ በሆነባቸው፣ ሴቷ ከወንዱ ደምቃ በምትታይ ጥቂት ወፎች ላይ ብቻ ነው። ድምፁን የሚያዳምጠው ሥርዓትም ይህን አጥንቶ ያዘ። በዚህ ጣቢያ ሴት ከተባለ ሴት ናት ማለት ነው።

መጋቢት ሲጋመስ አትጠገብ ጭቃውን ከግራ እየጠረገች ሳለ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ የእምቦጭ ሥር መሰላት።

«ጓዴ፣ የሆነ ነገር አለ።»

«ተረጋጊ። መጠኑ?»

«ትንሽ ነው። ከእርግብ ያንሳል። ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ።»

«ጀርባው ቡናማ ሆዱ ነጭ የሆነ ስንቱ ነው! ደረቱን እይልኝ። ነጩ ከክንፉ ፊት ለፊት ወደ ትከሻው ይወጣል?»

መነጽሩን አስተካከለች። ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች።

«ይወጣል። በቀጭኑ።»

«እግሩስ?»

«አረንጓዴ መሰለኝ፤ ጭቃም ሊሆን ይችላል።»

«መሰለኝ አትበይ፤ እይ።»

«አረንጓዴ ነው። ወደ ቢጫ የሚሄድ። ኧረ ይሄ ምን ነካው ጓዴ? ቆሞም ቂጡን ያወዛውዛል! ጭንቅላቱ ዝም ብሏል፣ ቂጡ ግን አያርፍም!»

ድምፁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስኪበር ጠብቂ። ሲበር ጅራቱ ሥር ነጭ ካለ ሌላ ነው።»

ጠበቀች። ማሽኑ ከሩቅ ሲያጓራ ወፉ ደነገጠና ተነሳ። ውሃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ በረረ፤ ክንፉን ወደ ታች አጉብጦ ቶሎ ቶሎ ያርገበግበዋል፣ ከዚያ ገትሮ ይንሳፈፋል፣ እንደገና ያርገበግባል። ቀጭን ፉጨት እየደጋገመ ጮኸና ትንሽ ራቅ ብሎ አረፈ። እንዳረፈም ቂጡን መወዝወዝ።

«ክንፉ ላይ ነጭ መስመር አለ። ጅራቱ ሥር ነጭ የለም፤ ቡናማ ነው።»

«ጭራ ወዝዋዥ ነው» አለ ጓዴ። «በባሕርና በበረሃ ተሻግሮ የሚመጣው።»

አትጠገብ እንባዋ መጣ። አራት ዓመት! ሰውዬው እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀው ኖሮ ሞተ፤ እሱ ከተቀበረ በኋላ መጣ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብድግ አለች።

«መጣች! ጓዴ፣ መጣች እኮ! እናቴን፣ እንዴት ደክሟት ይሆን! የኔ ሚስኪን፣ ብቻዋን!»



«ሴት» አለ ድምፁ። «ተመዝግቧል።»

በደስታዋ ብዛት ልብ አላለችውም። ልብ ያለችው በማግስቱ ነው። ጆሮዋን ሰክታ ገና ሳትቀመጥ ድምፁ «ወፏ የት አደረች?» አለ። ጓዴ! ወፏ! አትጠገብ ፀጉሯ ቆመ። ሰውዬው አልጋ ላይ በትኩሳት ሲቃዥ እንኳ ወፉ፣ ወፉ እያለ ነው የሞተው። ጓዴ ቢሆን ትናንትናውኑ ጭቃ ያስበላት ነበር፤ «ምን አይተሽ ነው ሴት ያልሽው?» ብሎ ቀኑን ሙሉ ይነዘንዛት ነበር። ይሄኛው ዝም ብሎ ተቀበላት። የሷን ስህተት በሱ አፍ መልሶ ነገራት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሯት የሚውለው ማን እንደሆነ ፈራች።

ቢሆንም መመልከቷን አልተወችም። ወፉ በየቀኑ ከውሃው ዳር ሳይርቅ ይመላለሳል፤ ጥልቅ አይገባም፣ ጫፍ ጫፉን ነው። ዝንብ ሲያይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እያደባ ይቀርብና በአንድ ጊዜ ይነጥቃል። አሞራ ሲያልፍ መሬት ላይ ተለጥፎ ድርቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ቂጡ የሚያርፈው። ድምፁ የምታየውን ሁሉ እንድትነግረው ያደርጋትና ይተነትንላታል። «ስብ እያጠራቀመች ነው። ደረቷ ሞላ ሲል ትሄዳለች። ሰሜን ሄዳ ነው የምትፈለፍለው፤ በወቅቱ ካልደረሰች ዓመቱ አለፋት» ይላታል። እሷ «ደረቱ ገና ነው» እያለች ትመልሳለች፤ እሱ «ደረቷ» ይላል። እንዲህ ተገላብጠው ሰነበቱ።

በሳምንቱ ፈንታሁን መጣ። ፈንታሁን የጣቢያዎቹ ተቆጣጣሪ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ጓዴ ሲቀበር አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ከመኪናው ጀርባ የተጠቀለለ ቀጭን መረብ አውርዶ መሬት ላይ አኖረ።

«እልል አይሉም እንዴ፣ እትዬ አትጠገብ! አገር ምድሩ ያጣውን እርስዎ አገኙ!»

«ምን አገኘሁ?»

«ሴት ነዋ! የወንዱ ዘር ማቀዝቀዣ ቤት ሞልቶ ተርፏል፤ የጠፋችው ሴቷ ናት። ነገ ጠዋት እናጠምዳትና ወደ ወፍ ማርቢያው ቤት ትሄዳለች። ወንድ ቢሆን እኮ ዞር ብሎ የሚያየውም አልነበረም።»

አትጠገብ ተቀመጠች። ቀስ ብላ አሰበችው፤ የራሷ ጩኸት ትዝ አላት።

«ፈንታ፣ እኔ እኮ ሴት አላልኩም። መጣች ነው ያልኩት። ደስ ሲለኝ፣ አንጀቴን ስትበላኝ። ወንድ ይሁን ሴት እኔ የት አውቄ?»

ፈንታሁን ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «ይገባኛል። ኧረ እኔም ትንሹን ልጄን ‹ነይ፣ ብይ› ነው የምለው፤ የለየለት ወንድ ነው! ግን ድምፁ እንዲህ ያለውን አያውቅም። ጋሽ ጓዴ ሴት ካሉ አበቃ፤ ተሳስተው አያውቁም።»

«ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ መች አለ!»

«ለላይኞቹ ሁለታችሁ አንድ ናችሁ፣ እትዬ። ዓይንና ድምፅ አንድ ምስክር ነው።»

«ሞት ያላፋታን እነሱ አጋቡን በለኛ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተቋረጠ። «ከወሰዷት በኋላ ይለቋታል?»

«ቤቱ ሙቀቱ የተመጠነ ነው። ምግቡም በወቅቱ...»

«ይለቋታል ወይ ነው የምልህ ልጄ።»

ፈንታሁን ወደ እምቦጩ አየ። «የተለቀቀ አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ መረቡን መተርተር ጀመረና ቀና ሳይል ጨመረ። «የሚያስቡት ነገር ካለ ግን ይተዉት። የመሰከረችውን ወፍ ያስበረገገች ዓይን ወዲያው ትሰናበታለች። እሱስ እሺ። አዲስ ዓይን እስኪገኝ ድምፁን አያቆዩትም፤ ያጠፉታል። ጋሽ ጓዴን እስከ ወዲያኛው ነው የሚያጧቸው።»

«አንዴ ሞቶብኝ የለ» አለች አትጠገብ። እጇ ግን ሳታስበው ወደ ጆሮዋ ሄዷል።

ማታ ወደ ቤቷ ስትወጣ መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። ምን አገባኝ ትላለች። አንዲት ወፍ ናት፤ ከመንገድ የመጣች ወፍ። እኔ ደግሞ የቀረኝ ይሄው ድምፅ ነው። ጭልፊት ቢወስዳት ምን አደርግ ነበር? መረብ ወሰዳት በይና ተቀመጪ። ይህን ስትል ትንሽ ይቀላታል። ትንሽ እንደሄደች ደግሞ «ወፏ የት አደረች» ያለው ድምፅ ይመጣባታል። ባሏን ፈልጋ ነው የቆየችው፤ የቆየችው ግን ባሏ ሞቶ እንኳ የማይለውን ከሚል ነገር ጋር ነው። ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጠላችውም። ትወደው ነበር። ወፏ ትያዝ ብላ ወስና ተኛች።

ጠዋት ፈንታሁን መረቡን ከውሃው ዳር እስከ ቁጥቋጦው ገትሮ ጨርሶ ነበር። መረቡ ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ጤዛ የያዘው ቦታ ብቻ ብልጭ ይላል። እሷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እስኪያዝ ማየት፣ ከዚያ «አየሁ» ብሎ መመስከር ነው ሥራዋ። ወፉ ከግራ በኩል ጫፍ ጫፉን እየለቀመ ይመጣል። ቂጡ ይወዛወዛል። ሆዱ ሞልቶ ደረቱ ክብ ሆኗል።

«ዝግጁ ናት» አለ ድምፁ። «ዛሬ ማታ ትሄዳለች።»

ዛሬ ማታ! አትጠገብ ወፉን አየችው። ይህ ሁሉ ሰሞን ዝንብ ስትቆጥርለት፣ ስትጨነቅለት፣ ለዚች ለዛሬዋ ማታ ነበር። ሳታውቀው ብድግ አለች። ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች።

«እየተንቀሳቀስሽ ነው» አለ ድምፁ።

ወደ ወፉ ሄደች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ከኋላዋ ፈንታሁን «እትዬ! እትዬ አትጠገብ!» እያለ በሹክሹክታ ይጣራል፤ መጮህ ፈርቷል።

«ቁሚ። ታስበረግጊያታለሽ።»

ሄደች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁሚ እንጂ! ኧረ አትጠገብ!»

ባለችበት ተተከለች።

ስሟን ጠራው። ከሞተ ጀምሮ ያልጠራውን። ያም የማንም ድምፅ አይደለም፤ የጓዴ ቁጣ ነው፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ ሲቆጣ የነበረው። ገና ሙሽራ ሳለች ምሳውን ይዛ ስትመጣ በመንገዱ መዞር ይሰለቻትና በጭቃው ታቋርጥ ነበር። ወፉ ሁሉ እየተነሳ ይሄዳል፤ እሱ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ በጩኸት ይገድላታል። ለካ ያም ተቀምጧል። ወፍ ማስበርገግ የሥራ ጉዳይ ነውና ሲለቅሙ ያንንም ለቅመውታል፣ ስሟም ከቁጣው ጋር ተያይዞ ተርፏል።

«አትጠገብ! ምሳው ይቅርብኝ፣ ተመለሽ ብያለሁ!»

አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ጭቃው መሃል ቆማ አለቀሰች። ወፉ ወደ መረቡ ቀርቧል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንዲት ዝንብ እያደባ ነው፤ ዝንቧ ከመረቡ እግር ሥር ናት። ዝም ብላ ብትቆም ነገም ይጠራታል፤ ከነገ ወዲያም። በፈለገችው ቀን ጭቃውን ረግጣ ስሟን ማስጠራት ትችላለች። ይህን አሰበችው፤ አሰበችውና ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና አወናጨፈችው።

«እሽ! እሽሽ! ሂድ! ሂድ አንተ!»

ወፉ ፉጨቱን ለቆ ተነሳ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ውሃውን ሊነካ ዝቅ ብሎ ወደ መረቡ አቅጣጫ ሄደ፤ የአትጠገብ ትንፋሽ ቆመ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ተጠማዘዘ፣ መረቡን በስንዝር አለፈው፣ ከዚያ ከፍ አለ። ጭራ ወዝዋዥ እንዲያ ከፍ ሲል አይታ አታውቅም። እምቦጩን ተሻግሮ ወደ ቋራ በኩል፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄደ። ፉጨቱ ከዓይኗ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ።

ፈንታሁን ጭቃው ዳር መጥቶ ቆሟል። አልተቆጣም፤ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና አወጣው።

«መደወል አለብኝ፣ እትዬ።»

«ደውል ልጄ። ሥራህ ነው።»

ስልኩ እዚያው ይሠራ ነበር፤ እሱ ግን ከመኪናው ሆኜ ልደውል ብሎ ቀስ እያለ ሄደ። መኪናው ሩቅ ነው የቆመው።

ጆሮዋ ውስጥ ሳል ተሰማ። ጓዴ ከቁጣ በኋላ ሁልጊዜ የሚተነፍሰውን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ሄደች» አለ። «በይ፣ ደስ ይበልሽ!»

በተጣሉ ቁጥር እንደዚያ ነበር የሚላት። አትጠገብ በጭቃ እጇ እንባዋን ጠረገች።

«ደስ ብሎኛል፣ ጓዴ።»

«አልሰማሁሽም። ድገሚው።»

«ደስ ብሎኛል።»

«አልሰማሁሽም። ድገሚው።»

ደገመችው። የምትለው ስለ ወፍ እንዳልሆነ፣ ሊገባውም እንደማይችል ታውቃለች። ከስንተኛው በኋላ ድምፁ መልስ መስጠት እንዳቆመ ግን አላወቀችም። ፈንታሁን ደውሎ ሲመለስ ጭቃው መሃል ቆማ አሁንም እየደገመችው ነበር።